ሮቦት ጸባይ የሚያወጣው ከአንገቱ ነው

ከወዳደቀ ዕቃ የተሠራ ሮቦት ሳታዩ አትቀሩም። ሆዱ ጣሳ፣ እግሩ ቱቦ፣ ዓይኑ ሁለት ክዳን። ቆሟል። ከመቆም ሌላ ግን ምንም የለውም። ከዚያው ዓይነት ጣሳ የተሠራ ሌላ ሮቦት ደግሞ አለ። በአጠገቡ ስታልፉ "ምን ነበር?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዕቃው ከመጀመሪያው አይሻልም። ጭንቅላቱ ግን ዘመም ብሏል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሥራዬ የቢሮ ማሽን ጥገና ነው። ፎቶኮፒ፣ ፕሪንተር፣ ስካነር። የማይድኑት ሲከማቹ ሆዳቸውን ከፍቼ ዘንግ፣ ጥርስ፣ ስፕሪንግና መስታወት ማውጣት ልማድ ሆነብኝ። ሮቦቶቼ የሚወለዱት ከዚያ ነው። እናንተ ጋ ያለው ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል፦ የተበሳ ድስት፣ የልብስ ስፌት ማሽን፣ የብስክሌት ክፍሎች። ችግር የለውም፣ አሠራሩ አንድ ነው። ብዙ ሰው ከዓይን ይጀምራል። እኔ ከአንገት ጀምሩ ባይ ነኝ።

ምን ልሰብስብ?

ሁሉንም አትሰብስቡ። ቤቱ መጋዘን ይሆንና ከቤተሰብ ጋር ትጣላላችሁ። እኔ ዕቃ የምለየው ብረት፣ ፕላስቲክ፣ እንጨት እያልኩ አይደለም። ሦስት ሳጥን አለኝ። አንዱ ውስጥ የሚታጠፍ፣ የሚዞርና የሚነጥር ነገር ሁሉ ይገባል፦ የጠረጴዛ መብራት ተጣጣፊ አንገት፣ የካሜራ ማቆሚያ ራስ፣ የበር ማጠፊያ፣ ስፕሪንግ። ሁለተኛው የጥንዶች ሳጥን ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነገሮች ስታገኙ ወዲያው አንድ ላይ እሰሯቸው፤ ከተለያዩ በኋላ ማገናኘት አበሳ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ከባድ ነገር ይገባል፦ የፍሬን ዲስክ፣ ትልቅ ኩሽኔታ፣ የአሮጌ ካውያ የታችኛው ብረት። እነዚህ እግር ይሆናሉ። ሆድና ደረት ፍለጋ ግን አትድከሙ። ጣሳ የትም አይጠፋም።

ከቀለም ፕሪንተር የማልተወው አንድ ነገር አለ። የቀለም ማተሚያው ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበት ለስላሳ የብረት ዘንግ። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው። አከርካሪ ለማድረግ የሚወዳደረው የለም። ከብዙ ስካነሮች ውስጥ ደግሞ ረጃጅምና ጠባብ መስታወቶች ይወጣሉ። ተራ መስታወት እንዳይመስሏችሁ። ልባጣቸው ከፊት በኩል ስለሆነ በጣት ሲነኩ ይበላሻሉ። ጠርዛቸውን ይዛችሁ አስቀምጧቸው። ወደ በኋላ ለዓይን ይፈለጋሉ።

የማይከፈቱና የማይበሱ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማይክሮዌቭ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ከ2000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከኋላው ሆድ ያለው የድሮ ቴሌቪዥንም እንዲሁ። የካሜራ ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ይናቃል፤ ግን 300 ቮልት አካባቢ ያጠራቅማል። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ ካገኛችሁ ሳትበሱ፣ ሳታጣምሙ አውጡና ለብቻው አስወግዱ። ያበጠ ከሆነ ከነጭራሹ አትነካኩት። የፍሪጅ ሞተር ጋዝ ስላለው አይቆረጥም።

የቆዩ ስካነሮች ውስጥ እንደ እርሳስ የቀጠነ የመስታወት መብራት አለ። ሜርኩሪ አለበትና አትስበሩት። የሌዘር ፕሪንተር ጥቁር ዱቄት፣ ቶነር የምንለው፣ በአፍ እፍ አይባልም። በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። በሙቅ ውሃ ከሆነ ቀልጦ ይጣበቅና ጉድ ይሠራችኋል። በጣም የቆየ ቀለም የተቀባ ብረትም ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ቅባቱን በሳሙና፣ ዝገቱን በአቼቶ። የዛገውን ብረት አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠ ውሃ አለቅልቃችሁ ወዲያው አድርቁት። ካላደረቃችሁት ከሰዓት በኋላ እንደገና ይዝጋል። ብቻ ሁሉንም አታብረቅርቁ። የተጫረ ቁልፍ፣ የተላጠ ቁጥር፣ ግማሹ የጠፋ ጽሑፍ፣ እነዚህ የሮቦቱ ዕድሜ ናቸው። በኮሪያ የተወለደው አርቲስት ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1986 የሮቦት ቤተሰብ ሠርቷል። ለአያቶቹ የድሮ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሳጥን ተጠቀመ፣ ለልጆቹ ደግሞ አዳዲስ ቴሌቪዥን። ሽበት መቀባት አላስፈለገውም።

ምን ደረሰበት?

አሁን ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችኋል። ድሪሉን ገና አታንሱ። መጀመሪያ ይህ ሮቦት ምን ደርሶበት ነው እንዲህ የቆመው በሉ።

"ደስተኛ ሮቦት ልሥራ" ብላችሁ ከተነሳችሁ ፈገግ ያለ ጣሳ ታገኛላችሁ። ደስታ ለብረት ትልቅ ነገር ነው፣ በምኑ ይገለጻል? ይልቅ ትንሽ ነገር ስጡት። ስሙን የጠራው ሰው ያለ መስሎታል። የያዘውን ዕቃ ሊጥለው ነው። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ጠፍቶበታል። አሁን እጁ የት መሆን እንዳለበት፣ ጭንቅላቱ ወዴት እንደሚዞር ታውቃላችሁ። እኔ ጋ ያለው ጋሼ ፕሪንተር ወረቀት ነክሶበት አፍሮ የቆመ ነው። አንገቱ ወደ ታች፣ ትከሻው ወደ ላይ፣ ከወረቀት ማውጫው ግማሽ ወረቀት ወጥቶ። እትዬ ስካነር ደግሞ ሰው ሲያወራ ጆሮ የምትጥል ናት። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፤ ጭንቅላቷ ግን ከአካሏ ትንሽ ዞሯል። ሁለቱም አፍ የሚባል ነገር አልተሣለላቸውም።

ይህ የሚሠራው የተመልካቹ አእምሮ ትርፍ ሰዓት ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘንና አንድ ክብ ቅርጽ ሲንቀሳቀሱ ለሰዎች አሳዩ። ያየውን እንዲተርክ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ስለ ቅርጽ አላወራም። ትልቁ ትንሹን አሳደደው፣ ክቧ ፈራች፣ ተደበቀች እያለ ነው የተረከው። ዓይንም እጅም የሌለው ቅርጽ ይህን ያህል ካስወራ፣ የእናንተ ጣሳ ዘመም ማለት ብቻ ይበቃዋል። ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1942 የብስክሌት መቀመጫና መሪ አገጣጥሞ የበሬ ጭንቅላት ሲሠራ ዓይን አላስገባበትም። ሁለት ዕቃ፣ አንድ አቀማመጥ፣ አለቀ።

አንገቱ

መጀመሪያ ያለ ብሎን ሞክሩ። ጣሳው ላይ ድቡልቡል ሸክላ ጭቃ ወይም የልጆች ፕላስቲሲን አስቀምጡና ጭንቅላቱን እላዩ ላይ ጫን አድርጉት። አሁን እንደፈለጋችሁ አዘንብሉት። ወደ ጎን 10 ዲግሪ ያህል ሲዘም ጠያቂ ይሆናል። ወደ ፊት ሲደፋ ወይ አዝኗል ወይ የሆነ ነገር እየሠራ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እጁ ይነግራችኋል። ወደ ኋላ ሲል ኩራት ይጀምረዋል። ሳይዘም ዞር ብቻ ካለ ጥርጣሬ ነው። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ አለ፦ ሳያዘነብሉ ጭንቅላቱን ከደረቱ ፊት ማስቀደም። በሁለት ጣት ስፋት ፊት ሲወጣ ዓይኑ የደከመ፣ ጽሑፍ ለማንበብ የሚታገል ሽማግሌ ይሆናል።

ከዚያ ራቅ በሉ። በሩ ጋ ሂዱና እዩት። ከኋላው መብራት አድርጋችሁ ጥላውን ብቻ ፎቶ አንሱ። በጥላው ጸባዩ ከታየ ሥራው ተሳክቷል። በጥላው ካልታየ ዓይን ብትጨምሩለትም አያድነውም።

አሁን ወደ ብሎኑ። እኔ የምወደው አንገት ከብስክሌት ደወል ክዳን የሚሠራው ነው። ጉልላት መሰል ነው፣ ብዙ ጊዜም መሀሉ ቀዳዳ አለው። የደረቱ ጣሳ ክዳን ላይ 30 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ደወሉን ጉልላቱ ወደ ታች ሆኖ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ቁጭ ይላል ግን አያልፍም። ከጭንቅላቱ ውስጥ የሚነሳ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ብሎን በደወሉ መሀል አልፎ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ደረቱ ውስጥ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ከ30 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ የሚሰፋ ጠፍጣፋ ብረት ይገባል። የዚህ ብረት ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል፣ 8 ወይም 9 ሚሊሜትር፤ አለዚያ ብሎኑ ማዘንበል አይችልም። ከጠፍጣፋው ሥር ጠንካራ አጭር ስፕሪንግ፣ ከዚያ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ስስ የብረት ቀለበት)፣ መጨረሻ ላይ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ። የዚህ ዓይነቱ ዳዶ በንዝረት አይፈታም።

ዳዶውን ስታጠብቁ ስፕሪንጉ ደወሉን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል። ጭንቅላቱን በእጅ ስታዞሩት ይታዘዛል፣ ስትለቁት እዚያው ይቆያል። ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ዳዶውን ጨመር፣ እንቢ ካለ ላላ። እንዲህ ያለ አንገት ያለው ሮቦት አንድ ቀን ተጠራጣሪ፣ ሌላ ቀን ሐዘንተኛ መሆን ይችላል።

ይህ ከበዛባችሁ ተጣጣፊው የጠረጴዛ መብራት አንገት አለ። 10 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ ሁለቱን ጫፍ እሰሩ። ቀላል ነው፣ ግን ከባድ ጭንቅላት አይችልም። ቀስ እያለ ይወርድና አንድ ጠዋት ሮቦታችሁ እንቅልፍ ወስዶት ታገኙታላችሁ። (አንዱን እንደዚያው ትቼዋለሁ፣ ተስማምቶታል።)

ዓይን፣ እጅ፣ ሌላው

ዓይን ስትመርጡ ሁለቱ ፍጹም እኩል እንዲሆኑ አትጨነቁ። አንዱ ትልቅ ኩሽኔታ፣ አንዱ ትንሽ ሲሆን ሮቦቱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ይመስላል። ዓይኑን ከፊቱ መሀል ዝቅ አድርጋችሁ ካራራቃችሁት ሕፃን ይሆናል። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለዚሁ ጽፏል፦ ትልቅ ግንባር፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ዓይን፣ አጭርና ክብ አካል ሲያይ ሰው አንጀቱ ይራራል። ከፍ አድርጋችሁ ካቀራረባችሁት ደግሞ ነገረኛ ሽማግሌ ይወጣዋል። ግማሽ የተቆረጠ ሮንዴላ ከላይ ብትደርቡበት ሽፋሽፍት ሆነ፤ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ቁጣ፣ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ሐዘን።

የስካነሩ መስታወት እዚህ ይገባል። በመስታወት መቁረጫ፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ፣ ትናንሽ ቁራጭ አውጡና ኩሽኔታው ውስጥ ወደ ኋላ አስገብታችሁ ለጥፉት። ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ውስጥ ብርሃን ይንቀሳቀሳል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፣ ግን ያያችኋል።

የአሻንጉሊት የመስታወት ዓይን፣ የሰው ጥርስ የሚመስል ነገር፣ ዊግ አታድርጉበት። ጃፓናዊው የሮቦት ሳይንቲስት ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፈው ሮቦት ሰው መምሰሉ እየጨመረ ሲሄድ እንወደዋለን፣ ሰው ለመሆን ትንሽ ሲቀረው ግን ድንገት ያስፈራናል። እዚያ ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

እጅ አምስት ጣት አያስፈልገውም። ፒንሳ ራሱ እጅ ነው። ሹካ ጥርሶቹ በፒንሳ ሲታጠፉ የሚለምን መዳፍ ይሆናል። እጁ የሆነ ነገር ይያዝ ወይም የሆነ ነገር ይንካ። በሁለቱም ጎን ተንጠልጥሎ የቀረ እጅ ጥሩውን አንገት ያበላሽባችኋል።

መግጠም

ብየዳ ለሚችል ሰው ፈጣን ነው። ግን የተበየደ ነገር ሐሳብ አይቀይርም። እኔ የምገጥመው በብሎን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ለበያጆች፦ ዚንክ የተለበጠ ብረት ስትበይዱ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል። ልባጡን ከመበየጃው ቦታ ፍቃችሁ አየር ባለበት ሥሩ። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትም አይበየድም፤ በሙቀቱ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ለመብሳት መጀመሪያ ቦታውን በሹል ብረትና በመዶሻ ነጥብ አድርጉበት። የድሪሉ መብሻ ፑንታው እንዳይሸራተት ነው። ስስ ቆርቆሮን በእጃችሁ ይዛችሁ በጭራሽ አትብሱ። ፑንታው ሲነክሰው ቆርቆሮው ይሽከረከርና እንደ ቢላ ጣት ይቆርጣል። ከሥሩ ጣውላ አድርጋችሁ በሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዘው መሣሪያ) እሰሩት። ለ4 ሚሊሜትር ብሎን 4.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል። የማይዝግ ብረት ከሆነ ድሪሉን በዝግታ፣ በኃይል እየተጫናችሁና ዘይት ጠብ እያደረጋችሁ ሥሩ፤ በፍጥነት ከሄዳችሁ ብረቱ ይጠነክርና ፑንታውን ይበላዋል።

ብሎን የማይገባበት ቦታ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ማጣበቂያ፣ ኢፖክሲን ያዙ። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ቅባቱን በአልኮል ጥረጉ። በ5 ደቂቃ ይይዛል የተባለውም ቢሆን አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኩት ይቆይ። ሮቦቱ ደጅ የሚቆም ከሆነ አሉሚኒየምና ብረት በሚገናኙበት የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ። ዝናብ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙን ቶሎ ይበላዋል።

መቆሙን አትርሱ። ጭንቅላቱ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር የክብደቱ መሀል ከእግሩ ወሰን እያለፈ ይሄዳል። የካውያው ብረት ወይም የፍሬን ዲስኩ የሚፈለገው እዚህ ነው። ጠረጴዛውን በጉልበታችሁ ገፋ አድርጉት። ሮቦቱ ተወዛውዞ ከተመለሰ ደህና ነው።

መብራት የሚፈልግ ካለ፣ እኔ ብዙም አልወደውም፣ ግን አሠራሩ ይኸው። ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት)፣ በመሀል 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ክፍል)። ቀዩ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ ቀሪው 1 ቮልት በሬዚስተሩ ላይ 10 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ለነጭ ኤልኢዲ ሦስት ባትሪና 150 ኦም አድርጉ። ሕፃን ባለበት ቤት ጠፍጣፋዋን የሰዓት ባትሪ አትጠቀሙ። ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች።

መጨረሻ ላይ ዝገቱ ባለበት እንዲቆም ከፈለጋችሁ የማያብረቀርቅ ግልጽ ቫርኒሽ ወይም ሰም ቀቡት። የተልባ ዘይትም ያምራል፤ ግን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፣ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስታስቀምጡት ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ከተመልካቹ ዓይን ዝቅ ይበል። ወደ ላይ እንዲያይ የተሠራ ከሆነ ወለል ላይ፣ ሰው የሚንቅ ከሆነ ግን ከመደርደሪያ አናት ላይ። እንግዳ ሁሉ አንገቱን ሳያዞር አይሄድም፣ ስለዚህ ከደረቱ ጀርባ ጣትና የብሎን ቁልፍ የሚያስገባ በር ተዉለት። ዳዶው በየጊዜው ሩብ ዙር መጥበቅ ይፈልጋል።